ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ እነዚህን ስህተቶች ተዉአቸው

ጎንደር በአታ አቋቋም የሚማር ተማሪ ጠይቁ፤ መምህሩን ብቻ ሳይሆን የመምህሩን መምህር ወደ ኋላ እየቆጠረ ይነግራችኋል። ፒያሳ ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍተው የሚሠሩ ጎበዝ ፕሮግራመሮችን ግን እንጀራ የሚበሉበትን የፕሮግራም ቋንቋ ማን እንደሠራው ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ይሄ ያንገበግበኛል።

ዋናው ስህተት ዘንድሮ የሰማነውን ሁሉ ዘንድሮ የተወለደ አድርጎ ማየት ነው። ድረ ገጽ የሚሠራበት ቋንቋ ጃቫስክሪፕት የማያስፈልገውን ሜሞሪ ራሱ ያጸዳል አይደል? ሐሳቡ ጆን ማካርቲ ሊስፕ የሚባለውን ቋንቋ ሲሠራ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ የመጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ)። ኮዳችንን የምናደራጅባቸው ክላስና ኦብጀክትም ከጃቫ ቋንቋ አልጀመሩም፤ ዳልና ኒጋርድ ኖርዌይ ውስጥ በ1960ዎቹ ሲሙላ በሚባል ቋንቋ ላይ ሠርተዋቸዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ፍሬምወርክ (ፕሮግራም የሚገነባበት ዝግጁ ማዕቀፍ) በተቀየረ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል።

ሌላው፣ የቆየ ኮድ ሲያዩ የጻፈውን ሰው መናቅ። ዓመትን በሁለት አሃዝ ጽፈው (1999ን 99 ብለው) 2000 ሲቃረብ "ኮምፒውተሩ 00ን 1900 ነው ሊል ነው" ተብሎ ዓለምን ያስጨነቁት ሰዎች አላዋቂዎች አልነበሩም፤ ያኔ ሜሞሪ በጣም ውድ ነበር። መጀመሪያ "ለምን እንዲህ አደረጉት?" በሉ።

ሰዎቹን መርሳትም አለ። ሲ ቋንቋን የሠራውና ከኬን ቶምፕሰን ጋር ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሲስተም የገነባው ዴኒስ ሪቺ በኦክቶበር 2011 ሲሞት፣ ስቲቭ ጆብስ ከሞተ ገና ሳምንት ገደማ ነበር። የጆብስን ዓለም ሁሉ ሰማ። የአይፎን ሲስተም ራሱ ከዩኒክስ የተወለደ ሆኖ ሳለ የሪቺን ስንቱ ሰማ?

ከሁሉም የሚቆጨኝ ግን የራሳችንን አለማወቃችን ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር የሚያገኙበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999፣ በስሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የየራሳቸው አሠራር ነበራቸው፤ ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ የእኛን ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር፣ ፊደላችን ደግሞ ከ200 በላይ ስለሆነ አንዳንዶቹ በሁለት ፎንት ይከፍሉት ነበር። ስለዚህ ያኔ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ ይታያል። እንዲህ ያለ ፋይል ሲመጣላቸው "ተበላሽቷል" ብለው የሚመልሱ ልጆች አሉ። አልተበላሸም! ፎንቱን ለዩ፣ የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ ሠንጠረዥ አውጡ፣ ከዚያ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ፋይሉን ቀድማችሁ ወደ ተራ ጽሑፍ አትቀይሩት፣ የፎንቱ ስም አብሮ ይጠፋና ሥራው ይከብዳችኋል። በዚህ መንገድ የስንት መሥሪያ ቤት መዝገብ ማዳን ይቻላል።

ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ የኮምፒውተር ተመራማሪው ዳግላስ ኤንግልባርት በዲሴምበር 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ያሳየውን እዩ። 90 ደቂቃ ገደማ ነው። ማውሱ፣ ሊንኩ፣ በቪዲዮ እየተያዩ አብሮ መሥራቱ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ ዋይፋይ ያለበት ስትደርሱ አውርዱት።