ናፍጣ ሳያፈስ አየር የሚስበው አይሱዙ

አሮጌው አይሱዙ ኤንፒአር ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ ጉልበቱ ከዳው። ተንገጫገጨና ጠፋ። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ጥሩ አድርጎ ያዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም።

ካዞረ ባትሪውን ተውት። ሲዞር በጭስ ማውጫው ምንም ጭስ አልወጣም፤ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ አልገባም ማለት ነው። የፊልትሮውን (የናፍጣ ማጣሪያውን) የአየር ማውጫ ብሎን አላልቼ በእጅ ፓምፑ ስገፋ አረፋ ብቻ ወጣ። አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ ብሎኑን አጠበቅኩ። ተነሳ። ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ጠፋ።

ጋራዥ ስደርስ «ፖምፓው ይውረድ» ተባልኩ፤ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ዋናው ፓምፕ ይፈታ ማለታቸው ነው። ኪስ የሚያራቁት ምክር! እምቢ አልኩ። ናፍጣ የሞላ ጀሪካን ከፍ አድርጌ ሰቅዬ በቱቦ በቀጥታ ናፍጣ ከታንኩ ከሚስበው መጋቢ ፓምፕ ጋር አገናኘሁት። ሞተሩ አንዴም ሳይጠፋ ሠራ። ስለዚህ ጣጣው ከታንኩ እስከ መጋቢው ፓምፕ ባለው መስመር ላይ ነው።

ይህ መስመር ይስባል እንጂ አይገፋም። ስንጥቅ ካለው ሞተሩ ሲሠራ አየር ያስገባል እንጂ ናፍጣ ላያፈስ ይችላል። ከሥር ጠብታ መፈለግ የማያዋጣው ለዚህ ነው። በተለይ ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ሲጠይቅ መሳቡም ይበረታል።

ሻሲው ሥር ያለው ጎማ ቱቦ ፋሸታው በሚያስረው ቦታ ደርቆ ተሰንጥቋል። ናፍጣ የሚችል ቱቦና አዲስ ፋሸታ ገዛሁ። የውኃ ቱቦ የሚገጥሙ አሉ፤ ናፍጣ አይችልም። ገጥሜ አየሩን እንደገና አስወጣሁ። አሁን ያንኑ ዳገት ጭነት ይዞ ይወጣል።