ፀሐይ የመታው ሰው ጋቢ አይፈልግም

ጅማ አረንጓዴ ናት፣ ዝናቧም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሙቀት የአፋርና የጋምቤላ ጣጣ ይመስለናል። የካቲትና መጋቢት ላይ ግን በቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የዋለ ሰው እውነቱን ያውቀዋል። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ቆዳ ላይ ሲደርቅ ነው፤ አየሩ ከታፈነና እርጥበት ከበዛበት በቀላሉ አይደርቅም።

አምና ሂርማታ ገበያ ውስጥ ጆንያ የሚሸከም አንድ ወጣት ተዝለፍልፎ ወደቀ። ግንባሩን ስነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ስሙን ስንጠይቀው ስለ በሬ ያወራል። «ምች ነው!» አለ አንዱ። ሌላው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘ፤ አንዲት እናት ደግሞ ጋቢ ደረቡለት። ሁሉም ያደረጉት ከልብ አዝነው ነው፤ ጋቢው ግን ሙቀቱን አምቆ ያዘው። ለውጥ ያየነው ጋቢው ተነሥቶ አንድ ጀሪካን ውሃ ከራስ እስከ እግሩ ሲፈስበት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ቀለል ያለውን የሙቀት ድካም ከአደገኛው የሙቀት ምት ይለዩ። ሰውየው ብዙ ካላበው፣ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸውና ከዛለ፣ አእምሮው ግን ንቁ ከሆነ፣ ጥላ ውስጥ አጋድመው እግሩን ከፍ ያድርጉለት፤ ልብሱን ያላሉለት። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) በጥቂት በጥቂቱ ያጠጡት። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው (ማንኪያው ለሁለቱም እስከ አፉ ብቻ፣ ያልተቆለለ) ይበጥብጡ። በ30 ደቂቃ ካልተሻለው ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

ከቀባዠረ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ ግን የሙቀት ምት ነው። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ አንጎልና ኩላሊት የሚጎዱትም በዚህ ጊዜ ነው። ላብ ስላለው ብቻ አይዘናጉ።

1. አንድ ሰው በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ፤ ሌሎቻችሁ ግን አምቡላንሱን ሳትጠብቁ ማቀዝቀዝ ጀምሩ።

2. ወደ ጥላ ያውጡት፤ የከበበውን ሰው ይበትኑ፤ ልብሱን ያውልቁ።

3. ውሃ ያፍስሱበት፣ በካርቶን ወይም በሰፌድ ያራግቡለት፤ ደጋግመው ያርጥቡት። ነጠላ ነክረው ቢያለብሱት ደግ ነው፤ ሲሞቅ ግን መልሰው ይንከሩት። በረዶ ከተገኘ በጨርቅ ጠቅልለው አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ያድርጉለት። በባጃጅ ሲወስዱትም ማርጠቡን አያቋርጡ።

4. አእምሮው ካልተመለሰ ምንም አያጠጡት፤ ሊታነቅ ይችላል። በጎኑ ያጋድሙት። ፓራሲታሞል ለዚህ ዓይነቱ ሙቀት አይሠራም።

ዳማከሴን አልንቅም፤ እኔም አድጌበታለሁ። ነገር ግን በሙቀት የወደቀን ሰው ጋቢ ሸፍኖ በእንፋሎት ማጠን እሳት ላይ እሳት መጨመር ነው።

መከላከሉ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ልማድ ማድረጉ ነው። ጥም ሳይመጣ ውሃ ይጠጡ፤ ሽንት ከጠቆረ ውሃ አንሷል ማለት ነው። እስከ ሦስተኛው ስኒ ድረስ የጠጣነው ቡና የውሃን ቦታ አይተካም። ከባድ ሥራ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ቢሆን ይሻላል። ሕፃን በተዘጋ መኪና ውስጥ ለደቂቃዎችም አይተዉ። በእነዚህ ዓመታት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ከሙቀቱ ወራት ጋር ስለገጠሙ፣ የሚጾም ሰው ውሃውን ከማፍጠሪያ እስከ ሱሁር፣ ወይም በሌሊቱ ሰዓት ከፋፍሎ ይጠጣ። ምልክት ካየ ያፍጥር፤ ሃይማኖቱም ለታመመ ይፈቅዳል።

ትኩሳቱ ብርድ ብርድ ከማለት ጋር ከመጣ ወይም ከቀዘቀዘ በኋላ ከተመለሰ፣ በአካባቢያችን ወባ ስላለ ደም ያስመርምሩ።

ለሙቀት ያልለመደ ሠራተኛ፣ ለምሳሌ ከደጋ መጥቶ ወደ ጊቤ በረሃ የሚወርድ፣ ሰውነቱ እስኪላመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ያስፈልገዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራው ይቀነስለት። አንዴ በሙቀት የተመታም ሰው ለተወሰነ ጊዜ በቀላሉ ዳግም ይመታል። ያ ወጣት ከሐኪም ቤት በወጣ ማግስት ጆንያ ሊያነሣ መጥቶ ነበር፤ አሠሪው የቀኑን ሒሳብ ከፍሎ ወደ ቤቱ መለሰው።