ራግቢ ላይ ሌንስ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ተጫዋቹ ጉንዳን አክሎ ከወጣ፦ ሌንሱና ርቀቱ አልተመጣጠኑም። ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ወደ ቁመት ሲያዝ ለ100 ሚሊ ሜትር ሌንስ 10 ሜትር ርቀት አስሉ፤ ተጫዋቹ የፍሬሙን ግማሽ ይሞላል። 200 ለ20 ሜትር፣ 400 ለ40 ሜትር ማለት ነው። ሴንሰሩ አነስ ባለ 1.5 ክሮፕ ካሜራ 200ው እስከ 30 ሜትር ያደርሳል። ሜዳው በርዝመቱ እስከ 100 ሜትር ስለሆነ ማዶ ያለውን ስክረም (ሁለቱ ቡድኖች ተቆላልፈው የሚገፋፉበትን) በ70-200 ዙም ማሳደድ ትርፉ ድካም ነው።

ፎቶው ከደበዘዘ፦ ‹‹ፎከስ አይዝም›› ተብሎ ወደ ሱቅ የሚመለሰው ሌንስ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ፎቶውን አጉልታችሁ ሣሩን እዩ። ጫማው ሥር ያለው ሣር ጥርት ብሎ እጅና እግር ብቻ ከተጎተተ ጥፋቱ የሹተር ነው፤ ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ረዝሟል ማለት ነው። ጥርት ያለው ከኋላ ያለው ሣር ወይም ዳኛው ከሆነ የፎከስ ነው። ሣሩም ሰዉም አብረው ከተጎተቱ እጃችሁ ተንቀጥቅጧል፤ ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር መቆሚያ) ያዙ።

በብዛት የሚያጋጥመው የሹተሩ ነው፤ መነሻውም 150-600ን የመሰለ ረጅም ግን ጨለማ ዙም ነው። ጫፉ ላይ ኤፍ 6.3 ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ ያምራል፤ የስታዲየም መብራት ሲበራ ጉዱ ይወጣል። ኤፍ 2.8 በአይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400 አንድ ሺኛ ሰከንድ በሚሰጥበት ብርሃን፣ ኤፍ 5.6 እንኳ የሚሰጠው 1/250 ነው። በዚህ የሹተር ፍጥነት ታክል (ኳስ የያዘውን ይዞ መጣል) ፎቶው ላይ አይቆምም። ጉድለቱን ልሙላው ካላችሁ አይኤስኦ 25600 ትገባላችሁ። ስታቢላይዘር (የመንቀጥቀጥ ማካካሻ) የእናንተን እጅ እንጂ የሯጩን እግር አያቆምም፤ ሻጮች ይህችን ይዘሏታል።

ለማታ ጨዋታ ያገለገለ 70-200 ኤፍ 2.8 ከአዲስ ጨለማ ዙም ይሻላል። ከመክፈላችሁ በፊት በባትሪ እያበራችሁ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ፈልጉ። ከዚያ ማዕዘኑ ላይ፣ ከትራይ (ኳስ መሬት አስነክቶ ነጥብ ማግባት) መስመሩ ኋላ ተቀመጡና ኳሱ ወደ እናንተ ይምጣ። 2 እጥፍ ቴሌኮንቨርተር (በሌንሱና በካሜራው መሃል ገብቶ የሚያጎላ) አትግጠሙ! ኤፍ 2.8ን 5.6 ያደርገዋል፤ የከፈላችሁበትን ብርሃን ሦስት አራተኛ በላው ማለት ነው። 1.4ቱ ግማሹን ይወስዳል፤ ለቀን ይሁን።

ፎከሱ ወደ ዳኛው ከዘለለ፦ 400 በኤፍ 2.8፣ 20 ሜትር ላይ ጥርት የሚለው ጥልቀት 40 ሴንቲ ሜትር ግድም ብቻ ነው። ትንሽ የፎከስ ነጥብ ቡድን ምረጡ፤ መሃል ሰው ሲገባ ቶሎ እንዳይለቅ የመከታተያውን ስሜት ቀንሱ።

እንደ ዱባይ ባለ አገር፣ ቀትር ላይ ምስሉ ከተርገበገበ የሞቀ አየር ነው፤ ቅረቡ እንጂ ሌንስ አትቀይሩ። ርካሽ ዩቪ ፊልተር (ከሌንሱ ፊት የሚገጠም መስታወት)? አውልቁት።

ትራዩ እግራችሁ ሥር ገብቶ 400ው ላይ ጆሮ ብቻ ከታየ፣ 24-70 የተገጠመበት ሁለተኛ ካሜራ አንገት ላይ ይኑር። ዝናብ ላይ ሌንስ መቀየር ሴንሰሩን ጭቃ ማብላት ነው።