የአሜሪካ ጋዜጣ ስለ ሌላ አገር ሲጽፍ እንዴት እናንብበው?

እኔ ዜና የማነበው እስክሪብቶ ይዤ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ላለ አንድ የአማርኛ ሬዲዮ የውጭ ዜና እተረጉማለሁ። አድማጮቻችን የሰሙትን ማታውኑ አገር ቤት ላለ ዘመድ ደውለው ያወራሉ። ስለዚህ የምጠነቀቀው ለእነሱም ጭምር ነው።

መጀመሪያ ርዕሱን እለፉት። አብዛኛውን ጊዜ ርዕሱን የሚያወጣው ዘጋቢው ሳይሆን አርታኢው ነው። ይልቅ መግቢያው ላይ ያለውን የከተማ ስም እዩ። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈው ዜና «ናይሮቢ» ብሎ ከጀመረ ዘጋቢው ያለው እዚያ ነው። ይሄ ዜናውን ውሸት አያደርገውም። በዓይን የታየውንና በስልክ የተሰማውን ግን ለዩ። በትግራይ ጦርነት ስልክም ኢንተርኔትም ሲቋረጥ፣ ብዙው ዘገባ ወደ ሱዳን ከተሻገሩ ስደተኞች የተሰማ ነበር።

ከዚያ «አሉ»፣ «ተናገሩ» የሚለው ሁሉ ሥር አስምሩ። ተናጋሪው ማነው? ስም አለው? የት ሆኖ ነው የሚናገረው?

ለምን እንደምጨቀጭቅ ላሳያችሁ። ሴፕቴምበር 8 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ታይምስ ፊት ገጹ ላይ አንድ ዜና አወጣ። ኢራቅ ለኑክሌር ቦምብ የሚሆኑ የአሉሚኒየም ቱቦዎች ልትገዛ ሞክራለች ይላል። ምንጮቹ ስማቸው ያልተጠቀሰ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ናቸው። በዚያው እሑድ ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ያንኑ ጋዜጣ ጠቀሱ። አያችሁ? መንግሥት ለጋዜጣው ነገረው፤ መልሶ ደግሞ ጋዜጣውን ምስክር አድርጎ ጠራው። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ባለሙያዎች ግን ቱቦዎቹ ለሮኬት ናቸው ይሉ ነበር። ከ5 ቀን በኋላ ጋዜጣው ይህን ጥርጣሬ አነሳው፤ ያውም ገጽ 13 ላይ፣ ምንም በማይጠቁም ርዕስ ሥር። ጥፋቱን ያመነው በሜይ 2004 ነው። ያኔ አሜሪካ በኢራቅ ላይ የከፈተችው ጦርነት ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም የተለየ መንገድ ነበር። ናይት ሪደር የሚባለው የአሜሪካ ጋዜጦች ኩባንያ ዘጋቢዎች ሹማምንቱን ትተው ከሥር ያሉትን ባለሙያዎች ጠየቁ፣ ጥርጣሬውንም ጦርነቱ ሳይጀመር ጻፉት።

እንግዲህ ዜናውን እስከ ታች አንብቡ። «አንዳንድ ባለሙያዎች ግን» የሚለው አንቀጽ ብዙ ጊዜ መጨረሻ አካባቢ ነው ያለው። እኔ መተርጎም ከመጀመሬ በፊት እሱን ፈልጌ አገኛለሁ።

አንድን ዜና አምስት ጋዜጣ ላይ አየሁ ብላችሁ አምስት ምስክር አገኘሁ አትበሉ። አሶሺየትድ ፕሬስ ወይም ሮይተርስ የሚል ካለበት፣ እነዚህ ለጋዜጦች ዜና የሚሸጡ ድርጅቶች ናቸውና፣ ሁሉም የቀዱት ከአንድ ቦታ ነው። «አስተያየት» የሚል ምልክት ያለበትን ደግሞ ከዜና ለዩ።

ለዘመድ ስታወሩም «ኒውዮርክ ታይምስ እንዲህ አለ» አትበሉ። «ስማቸው ያልተገለጸ ሁለት የአሜሪካ ባለሥልጣናት ለጋዜጣው ነገሩት» በሉ። ማን እንዳለው ካላገኛችሁ፣ ደግማችሁ እስክታነቡት ድረስ ለማንም አትላኩት።