ለአንድ ሌሊት ወደማታውቁት ዋርድ ስትላኩ

ነርሶች፣ ሰው አነሰ ተብሎ ከአዋቂዎች ዋርድ ወደ ሕፃናት ዋርድ ከተላካችሁ ከርክክቡ 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። መጀመሪያ የድንገተኛ መድኃኒት ጋሪውን ፈልጉ፤ አምቡ ባጉን (በእጅ እየተጨመቀ አየር ወደ ሳንባ የሚያስገባውን ከረጢት) ጨምቃችሁ ሞክሩ፣ የሕፃን ማስክ አብሮት መኖሩን እዩ፣ የኦክስጅኑን ጌጅ አንብቡ። ትንፋሽ ሲያጥር መፈላለጊያ ጊዜ የለም።

የመድኃኒት መጠን የሚሰላው በኪሎ ነው፤ ቻርቱ ላይ ክብደት ካልተጻፈ ራሳችሁ መዝኑ። ስሌቱን ሌላ ባልደረባ ለብቻው ይሥራውና አስተያዩ፤ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች መጠኑ 10 እጥፍ ይሆናል! ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በደም ሥር አይገፋም፤ ይህ የትም ዋርድ ያው ነው።

ያልሠራችሁትን ለተረኛ ኃላፊዋ በግልጽ ንገሯት። እኔ «የሕፃን ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) አስገብቼ አላውቅም» ማለት አፍሬ የአንዲትን ጨቅላ እጅ ሦስት ጊዜ ወግቻለሁ፤ ለቅሶዋ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።