በብራድፎርድ የሪቻርድ ኦስትለርን ሐውልት ለመጎብኘት

በሰሜን እንግሊዝ፣ በብራድፎርድ ከተማ መሃል፣ ኖርዝጌት በተባለው መንገድ ላይ የቆመውን፣ ለፋብሪካ ሕፃናት መብት የታገለውን የሪቻርድ ኦስትለርን የነሐስ ሐውልት ለማየት የሚሄዱ ከሆነ፣ ከጉዞዎ በፊት «የዮርክሻየር ባርነት» የተባለውን ደብዳቤውን ፈልገው ያንብቡ። ኦስትለር በካሪቢያን ደሴቶች የነበረውን ባርነት አጥብቆ የሚቃወም ሰው ነበር፤ ሆኖም ጆን ዉድ የተባለ የብራድፎርድ ባለ ፋብሪካ በገዛ አገሩ የሱፍ ፋብሪካዎች ውስጥ በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን ግፍ በነገረው ጊዜ ይህን ደብዳቤ ጻፈ፤ ሊድስ ሜርኩሪ የተባለውም ጋዜጣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦክቶበር 1830 አተመው። ሕፃናቱ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እንደሚሠሩና ለምግብና ለዕረፍት የሚሰጣቸው 30 ደቂቃ ብቻ እንደ ነበረ ከዚያ ይረዳሉ።

በአቅራቢያው ካለችው ከሊድስ ከተማ በባቡር ሲመጡ ፎርስተር ስኩዌር ጣቢያ ቢወርዱ እመርጣለሁ። ጉዞው 20 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ ሐውልቱም በ1869 ለፋብሪካ ሕፃናት በፓርላማ ይሟገት በነበረው በሎርድ ሻፍትስበሪ እጅ ሲመረቅ የቆመው በዚሁ አካባቢ ነበር። በ1920 ወደ ሮውሰን ስኩዌር፣ በ1968 ደግሞ አሁን ወዳለበት ቦታ ተዛወረ። ከጣቢያው ተነሥተው አጭሯን ዳገት በእግር ይውጡ፤ ሐውልቱ ደጅ የቆመ ስለሆነ የሚከፈል ነገር የለም።

እንደ ደረሱ ዓይንዎ ወደ ትልቁ ሰው መሄዱ አይቀርም። እኔ ግን አስቀድመው ከአጠገቡ የቆሙትን ሁለቱን የፋብሪካ ሕፃናት፣ ወንዱንና ሴቷን፣ ቀረብ ብለው እንዲያዩ እለምንዎታለሁ፤ የሐውልቱ ልብ እነርሱ ናቸውና። ልጆችዎን ይዘው ከሄዱ፣ የ1833ቱ የብሪታንያ የፋብሪካ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳገደ፣ ከ9 እስከ 13 ዓመት ያሉትን ግን በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ማሠራትን እንደ ፈቀደ እዚያው ይንገሯቸው። ኦስትለር በዚህ አልረካም። በዕዳ ምክንያት ከ1840 እስከ 1844 ለንደን ውስጥ ታስሮ እንኳ ከእስር ቤት መጻፉን አላቋረጠም፤ ሴቶችና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ የሚደነግገው ሕግ በ1847 ሲጸድቅም በሕይወት ነበር።

ጊዜ ካለዎት፣ የሚከፈትበትን ቀን አስቀድመው አረጋግጠው፣ በዚያው ከተማ ኤክልስሂል ሰፈር በቀድሞ የክር ፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ ወዳለው የኢንዱስትሪ ሙዚየም ይሂዱ። ደብዳቤው የሚናገረው ሥራ ምን ዓይነት እንደ ነበረ እዚያ ባሉት የሱፍ መፍተያ ማሽኖች ፊት ቆመው ማየት ይችላሉ።