ጀርመን ለገባችሁ፦ «ዲጋ» ማን ላይ ይሠራል፣ ማን ላይ አይሠራም

ጀርመን አገር ወጣቶች መሀል «ዲጋ» የሚል ጥሪ ስትሰሙ አትደንግጡ። እኛ ጋ «ጀለሴ» እንደሚባለው ነው፤ መነሻው «ወፍራሙ» የሚለው ቃል ሲሆን ከሐምቡርግ ወጥቶ በራፕ ሙዚቃ አገሩን ሁሉ አዳርሷል። በጫጫታ መሀል ጥቁሮችን መስደቢያ ከሆነው ቃል ጋር ሊመሳሰልባችሁ ስለሚችል፣ ለጠብ ከመነሳታችሁ በፊት የመጀመሪያው ድምፅ «ዲ» መሆኑን አጣሩ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። አረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ይገባል፦ «ዲጋ፣ ቮ ቢስት ዱ?» (የት ነህ?)። «ዲ»ን አሳጥራችሁ አጥብቁት፤ «ዲጋአአ» ተብሎ ሲጎተት ግን ጥሪ መሆኑ ቀርቶ «ኧረ በናትህ!» ይሆናል። ለሴት ጓደኛም ይባላል፣ ሁሉም ባይወዱትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንቱታው ላይ ነው። «ዲጋ» ከ«ዱ» (አንተ፣ አንቺ) ጋር እንጂ ከ«ዚ» (እርስዎ) ጋር አይሄድም። ስለዚህ ጆብሴንተር (የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ)፣ ውጭ ዜጎች ቢሮ፣ አከራይ፣ አስተማሪ ዘንድ በፍጹም። ፖሊስ ጋማ ጭራሽ አይሞከርም፤ ስድብ በጀርመን ሕግ ወንጀል ስለሆነ በአጉል ድፍረት ነገር አታክርሩ። አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) ላይ ከሆናችሁ አለቃው ራሱ «ዱ» እንባባል ቢል እንኳ «ዲጋ»ን ለእኩዮቻችሁ ተዉት፣ እነሱም አስቀድመው ሲሏችሁ።

በርሊን «አልታ» (ሽማግሌው) ይበዛል፤ ባቫሪያና ቪየና ደግሞ ይኸው ቃል «ኦይዳ» ይሆናል። ሙኒክ ላይ «ዲጋ» ማብዛት ከሰሜን የመጣ ያስመስላል።